ሰነፍ ከማለት በፊት፦ የልጅን የእድገትና የመማር ችግር በጊዜ ስለ ማወቅ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተዘረጋችው በሶዶ ከተማም ሆነ በቦዲቲ፣ በአረካና በገሱባ፣ አንድ ሕፃን በዕድሜው ልክ ሳይናገር ወይም ተማሪ ቤት ገብቶ ማንበብ ሳይችል ሲቀር፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነበር፣ ተዉት ይደርሳል» የሚል ተስፋ፣ «ሰነፍ ነው፣ የሚቀጣው አጥቶ ነው» የሚል ተግሣጽ፣ ወይም በዝግታ የሚነገር «ከርግማን የመጣ ነው» የሚል ሐሜት። ሦስቱም የሚሰነዘሩት ሕፃኑ በሥርዓት ሳይታይ በመሆኑ፣ ተስፋው ዓመታትን በከንቱ ያሳልፋል፣ ተግሣጹ ልጁን ያሸማቅቃል፣ ሐሜቱም እናቲቱን ከጎረቤት ይለያታል፤ የልጁ ችግር ግን ባለበት ይቀመጣል። በዚህ መመሪያ የምለምንዎ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከመፍረድ ማየትን እንዲያስቀድሙ፣ ማየቱንም በተራና በሥርዓት እንዲያደርጉት ነው። የበሽታውን ስም መስጠት የሐኪም ድርሻ ነው፤ ልጁን ከማለዳ እስከ ማታ የሚያየው ግን ወላጅና መምህር ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ በግማሽ ሰዓት ሊደርስበት የማይችለውን ነገር እርስዎ ያውቁታል።

በመጀመሪያ የልጁን ዕድሜ በትክክል ይወቁ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም የብዙ ስሕተት መነሻ እርሱ ነው፤ የልደት ቀን በጽሑፍ ባልተያዘበት ቤት ሕፃኑ «የዓመት ከመንፈቅ ነው» ተብሎ ሲመዘን በእውነቱ ገና የአሥራ ሁለት ወር ሆኖ ይገኛልና። ቀኑ የጠፋባት እናት ግን በዓልን አትረሳም፤ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ጊዜ ነፍሰ ጡር እንደ ነበረች ወይም አራስ እንደ ነበረች ቢጠይቋት በእርግጠኝነት ትነግርዎታለች፤ ጊፋታም በመስከረም ወር የሚውል ስለ ሆነ ከዚያ ተነሥተው ወራቱን መቍጠር ይችላሉ። ያለ ወሩ የተወለደ ሕፃን ሲሆን ደግሞ የጎደለው ጊዜ ይቀነስለት፤ ከሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ በስድስተኛው ወሩ የሚመዘነው እንደ አራት ወር ልጅ ነው፤ ይህም ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይጠበቅለታል።

ሁለተኛው እርምጃ የክትባት ካርዱን ከተቀመጠበት ማውጣት ነው። በአገራችን ሕፃን እንደ ተወለደ፣ ከዚያም በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት፣ ቀጥሎም በዘጠነኛውና በአሥራ አምስተኛው ወር ይከተባልና፣ እናት ወደ ጤና ኬላ የምትሄድባቸው እነዚሁ ቀኖች የእድገቱም መመልከቻ ቢሆኑ አዲስ ቀጠሮ አያስፈልግም። በስድስት ሳምንት ክትባት ሰሞን፣ ቢዘገይም ሁለት ወር ሲሞላው፣ የእናቱን ፊት አይቶ ፈገግ ማለት ይገባዋል። የአሥራ አራት ሳምንቱን ክትባት ተከትቦ አራት ወር ሲሞላው በክንድ ሲታቀፍ ራሱን ማቅናት ይጀምራል። የኩፍኝ ክትባት በሚሰጥበት በዘጠነኛው ወር ሳይደገፍ ይቀመጣል፣ በስሙ ሲጠሩት ዘወር ይላል፣ «ባባባ» «ማማማ» እያለ ድምፅ ይደጋግማል። በአሥራ አምስተኛው ወር ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ሲደርስ አንድ ሁለት ቃል ትርጉሙን አውቆ ይናገራል፣ የሚፈልገውንም ነገር በእጁ ያሳያል። «ወፌ ቆመች» እየተባለለት ዳዴውን የጨረሰ ልጅ አሥራ ስምንት ወር ሳያልፈው ብቻውን መራመድ አለበት፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ደግሞ «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ» እንደሚባለው ሁለት ቃል አገናኝቶ መናገር ይጀምራል። ሕፃናት ሁሉ በአንድ ቀን አይደርሱምና የሁለት ሳምንት መዘግየት አያስደንግጥዎ፤ ነገር ግን ከእነዚህ ድንበሮች አንዱን በወራት ያለፈ ልጅ «ይደርሳል» ተብሎ እንዳይተው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸኵል አንድ ምልክት አለ፤ እርሱም ወደ ኋላ መመለስ ነው። ይናገር የነበረ ቃሉን ቢያጣ፣ ይስቅ የነበረ ሳቁ ቢጠፋ፣ ይራመድ የነበረ መራመድ ቢሳነው፣ በየትኛውም ዕድሜ ይሁን፣ የሚቀጥለው የክትባት ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ሦስተኛ፣ ስለ አእምሮው ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ጆሮው፣ ስለ ዐይኑና ስለ ማዕዱ ይጠይቁ። የማይሰማ ልጅ የማይታዘዝ ይመስላል፤ የማያይ ልጅም ከሰሌዳ መገልበጥ ሲያቅተው ሰነፍ ይባላል። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጫወት ከበስተኋላው ሁለት እርምጃ ርቀው ስሙን በሹክሹክታ ይጥሩት፤ በቆርቆሮ ውስጥ የተጨመረ የበቆሎ ፍሬም ከቀኝም ከግራም ያንሹለት፤ እርስዎን እንዳያይ ይጠንቀቁ፣ ጥላዎን ወይም እጅዎን አይቶ ቢዞር ሰማ ማለት አይደለምና። ከጆሮው መግል የሚፈስበት ልጅ ደግሞ በባህል መድኃኒት ሳይሆን በጤና ጣቢያ ይታከም፤ ለወራት የቆየ የጆሮ መግል መስማትን ያዳክማል፣ መስማት ሲዳከምም ንግግር ይዘገያል። ስለ ማዕዱም ሲነሣ፣ የእንሰትና የስኳር ድንች አገር ልጅ ሆዱ ሲሞላ እንኳ ሰውነቱን የሚገነባ ምግብ ሊጎድለው እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ መካከለኛ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ላይ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይህን በመለኪያ ሪባን በደቂቃ ውስጥ ትነግርዎታለች። አዮዲን የሌለው ጨው ነፍሰ ጡሯን በእንቅርት፣ በማኅፀኗ ያለውንም ፅንስ በአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ስለዚህ አዮዲን ያለውን ጨው በክዳን አድርጎ ማስቀመጥና ወጡ ከበሰለ በኋላ መጨመር ትንሽ ነገር አይደለም።

አራተኛው የመመልከቻ ስፍራ ጨዋታ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ብዙ ልጆች የሚታለፉት በዚህ ነውና። ዛሬ ኦቲዝም የሚባለውን የእድገት ችግር ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. ገልጾ ጻፈው፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን በምዕራቡ ዓለም የነበሩ ሊቃውንት ጥፋቱን በእናቶች ላይ ጣሉት፤ ልባቸው የቀዘቀዘ እናቶች ልጃቸውን እንዲህ አደረጉ ተባለ። ይህ ክስ ሐሰት መሆኑ ኋላ ታውቋል፤ በእኛም መንደር በእናቲቱ ላይ የሚወርደው የርግማን ክስ ከዚያኛው የሚለየው በቃሉ ብቻ ነውና እንደዚያው ሊተው ይገባዋል። የኦቲዝም ምልክት ከልጁ ዝምታ ይልቅ ከሰው ጋር በሚጋራው ነገር ላይ ይታያል። ጤነኛ የአሥራ ስምንት ወር ልጅ በሰማይ ወፍ ሲበር ቢያይ ጣቱን ወደ ወፉ ይዘረጋል፣ ወዲያው ደግሞ ፊቱን ወደ እናቱ አዙሮ «አየሽው?» እንደሚል ያህል ይመለከታታል። ይህች ቅጽበት ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በውስጧ ሁለት ነፍሶች አንድ ነገር ሲካፈሉ ይታያል። ጣቱን ለመለመን ብቻ የሚጠቀም፣ ወይም ጣት መጠቆምን ትቶ የእናቱን እጅ እንደ ዕቃ ይዞ ወደሚፈልገው ነገር የሚጎትት፣ በስሙ ሲጠሩት የማይዞር፣ አኩኩሉ የማያስቀው፣ የቆርቆሮ ክዳን ለሰዓት ሲያሽከረክር የሚውል፣ በወፍጮ ቤት ድምፅ ጆሮውን ይዞ የሚጮኽ፣ የሰማውን ቃል ያለ ትርጉም የሚደጋግም ልጅ ሲያጋጥምዎ፣ ከምልክቶቹ አንዱ ብቻ ቢሆን ይከታተሉት፣ ብዙዎቹ ተደርበው ቢታዩ ወደ ባለሙያ ያቅርቡት።

ስለ ዐይን ግን ላስጠንቅቅዎ። ከውጭ አገር የመጡ መጠይቆች «ልጁ ዐይን ለዐይን ያያል ወይ?» ይላሉ፤ በእኛ አገር ደግሞ ጨዋ ልጅ በታላቅ ፊት ዐይኑን ዝቅ ማድረግን ይማራል። እንግዳ ሲመጣ ወይም መምህር ሲቆጣ መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ሥርዓት ያወቀ ልጅ ነው፤ በዚህ አይመዘንም። የሚመዘነው ከእናቱ ጋር ሲጫወት፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲሣሣቅ፣ ጡት ሲጠባና ሲጎርስ ነው። ለሴቶች ልጆችም የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ኦቲዝም በወንዶች ይበዛል ስለሚባልና ዝም ያለች ልጅ «ጭምት ናት» ተብላ ስለምትመሰገን፣ ችግሯ ሳይታወቅ ትቀራለች።

አምስተኛ፣ ልጁን በእናቱ ቋንቋ ይመዝኑት። ይህ ለወላይታ ወላጅና መምህር ከሁሉ የሚበልጥ ምክር ነው ብዬ አምናለሁ። የገጠር ልጅ በቤቱ ወላይትኛ ሲሰማ ያድጋል፤ በሶዶ ገበያ አማርኛ ያገኘዋል፤ ተማሪ ቤት ሲገባም በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ወላይትኛና እንግሊዝኛ፣ ኋላም በግእዝ ፊደል የሚጻፈውን አማርኛ እንዲያነብ ይጠበቅበታል። ሁለት ዓይነት ፊደልና ሦስት ቋንቋ በአንድ ትንሽ ጭንቅላት ላይ! ብዙ ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም፤ ሕፃኑ የሚያውቀውን ቃል ሲቈጥሩ ግን የሁለቱንም ቋንቋ ቃል ደምረው ይቍጠሩ። ልጁ በአማርኛ ብቻ የሚደናቀፍ፣ በወላይትኛ ግን ተረት የሚያወጋ፣ ከታናሹ ጋር የሚሟገት፣ «ጀበናውን አምጣ፣ ሲኒውን ለእኅትህ ስጥ» ሲባል ሁለቱንም ትእዛዝ በሥርዓት የሚፈጽም ከሆነ፣ የጎደለው አእምሮ ሳይሆን ልምምድ ነው። በእናቱ ቋንቋም ቃል የሚያጥረው፣ አንዱን ትእዛዝ ፈጽሞ ሁለተኛውን የሚረሳ፣ የሚናገረውን ቤተሰቡ እንኳ የማያስተውለው ከሆነ ግን ነገሩ የቋንቋ ለውጥ አይደለም። በአማርኛ ብቻ ተፈትኖ «ደካማ ነው» የተባለ የወላይታ ልጅ፣ እኔ እንደምፈርደው፣ ገና አልተፈተነም።

ስድስተኛው ንባብ ነው። ልጁ ተማሪ ቤት ገብቶ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ የፊደል ገበታ ፊት ያቁሙት። ፊደላችን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ተባዝተው 231 ናቸውና፣ ልጆች በዜማ «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» እያሉ ሲወርዱ ጣታቸው ከድምፃቸው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የሚሰማ ሰው ያነባሉ ብሎ ደስ ይለዋል። አሁን አንድ ወረቀት ወስደው በመካከሉ የአንድ ፊደል ስፋት ያለው ቀዳዳ ይቅደዱ፤ ወረቀቱንም በገበታው ላይ አድርገው አንድ ፊደል ብቻ እንዲታይ ያድርጉና «ይህ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ያን ጊዜ ከንፈሩን በቀስታ እያንቀሳቀሰ ከረድፉ ራስ ጀምሮ በልቡ ሲዘምር፣ በጣቱም በወረቀቱ ስር ሲቈጥር ያዩታል፤ ወረቀቱን ወደ ሌላ ረድፍ ቢያዛውሩበት ዝም ይላል። ይህ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዘም። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ያደርጋልና በመጀመሪያው ዓመት አያስጨንቅም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛውም ዓመት ቢቀጥል፣ «ሊ»ን ከ«ሌ» ቢያምታታ፣ የቃሉን መጀመሪያ ፊደል አይቶ ቀሪውን በግምት ቢሞላ፣ ትናንት ያነበበውን ቃል ዛሬ እንደ እንግዳ ቢያየው ግን ልብ ይበሉ። በላቲኑ ፊደል «ቢ»ንና «ዲ»ን ማቀያየር እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ የተለመደ ነውና በእርሱ ብቻ አይፍረዱ።

ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር መነሻው በአብዛኛው ከዐይን ሳይሆን የቃልን ድምፅ ለይቶ ከመያዝ ነው፤ ስለዚህም በአንዱ ፊደል ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ይታያል። ይህን ያለ መጽሐፍ መፈተን ይቻላል። ልጁን በወላይትኛ «ሃታ፣ ኬታ፣ ሚዛ» ይበሉትና፣ ውሃን፣ ቤትንና ላምን ከሚጠሩት ከእነዚህ ቃላት «ኬ» ብሎ የሚጀምረው የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቁት፤ ሌላም በዚያው ድምፅ የሚጀምር ቃል ይፈልግ። በጨዋታ መልክ ደጋግመው ሲሞክሩት እኩዮቹ በቀላሉ የሚመልሱት እርሱን ዘወትር የሚያስቸግረው ከሆነ ምልክት ነው። ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. ብልህ ሆኖ ሳለ ማንበብ ስላቃተው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በጻፈ ጊዜ፣ መምህሩ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ልጁ ከተማሪዎቹ የሚበልጥ ይሆን እንደ ነበር መስክሮለታል። የእኛም አበው በንባብ ቤት ተማሪውን ከቍጥር ወደ ግእዝ፣ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ የሚያሻግሩት አንዱን ደረጃ ሲያጠና ብቻ ነበር፤ ከእኩዮችህ ጋር አብረህ እለፍ አይባልም። በዛሬውም ክፍል ለሚደናቀፍ ልጅ የሚበጀው ይኸው ነው፤ በቀን ሩብ ሰዓት፣ ጥቂት ፊደል፣ ድምፁን ከቅርጹ ጋር እያጣመሩ፣ ያለ ዱላ። ይህን ስድስት ወር ያህል በትጋት አድርገውለት ለውጥ ካልታየ ችግሩ የመማር ችግር መሆኑ ያመዝናልና ወደ ልዩ ፍላጎት መምህር ይምሩት።

ስለ ሒሳብ አጭር ቃል ይበቃል፤ በገበያ ቀን የአቮካዶ ዋጋ ደምሮ መልስ የሚመልስ ልጅ በሰሌዳ ላይ ቢሳሳት ችግሩ በምልክቱ ላይ ነው፤ በገበያም በሰሌዳም፣ ሦስት ፍሬና አምስት ፍሬ አይቶ የሚበልጠውን መለየት እንኳ የሚያውከው ልጅ ግን ይመርመር።

ትኩረት ስለሚያጣና ስለሚቅበጠበጥ ልጅ ደግሞ መለኪያው ሁለት ስፍራ ነው። በብዙ ተማሪ በተጨናነቀ ክፍል፣ ቍርስ ሳይበላ ረጅም መንገድ በእግሩ መጥቶ የሚቅበጠበጥ ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም። መቅበጥበጡ ወይም መርሳቱ በቤትም በተማሪ ቤትም ሲታይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ሲኖር፣ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሲቆይ፣ ትምህርቱንና ወዳጅነቱን ሲያበላሽበት ነው ሐኪም የሚጠየቀው። ከመስኮት ውጭ እያየች ዝም ብላ የምትቀመጠውን ልጅም አይርሷት፤ ማንንም ስለማታውክ ማንም አይጠይቅላትም።

ሰባተኛ፣ ያዩትን ይጻፉ። አንድ ደብተር ይውሰዱና ለሁለት ሳምንት ያህል ልጁ ያደረገውን እንጂ እርስዎ ያሰቡትን አይጻፉ፤ «ግትር ነው» ከሚል ቃል «ስሙን አምስት ጊዜ ጠርቼው አንድ ጊዜ ዞረ» የሚል ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። በስልክ የተቀረጸ የጥቂት ደቂቃ ምስልም ብዙ ይናገራል፤ ልጁ በሐኪሙ ፊት ፈርቶ የሚደብቀውን ያሳያልና። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ በማስተላለፊያ ወረቀትም ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ በሶዶ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ሕዝቡ ኦቶና ብሎ የሚጠራው፣ እንዲሁም የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አሉ። አቅም ላለውና መንገዱን ለሚችል በአዲስ አበባ ስለ ኦቲዝም ብቻ የተቋቋሙ ማዕከላት ይገኛሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ሲሆን፣ የመሠረቱት ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ነበር። ትምህርት ቤቶች ልጃቸውን አልቀበል ባሏቸው ጊዜ ለእርሱ የፈለጉትን ስፍራ ለሌሎችም ልጆች ከፈቱት፤ ዛሬ በአገራችን ኦቲዝም የሚለው ቃል በአደባባይ ያለ ኀፍረት መነገር የቻለው በብዙው በእርሳቸው ድካም ነው።

ጸሎት ለሚያስፈልገው ልጅ ይጸለይለት፤ ቄሱም ፓስተሩም ቢጸልዩለት ከሕክምና ጋር የሚጣላ ነገር የለውም። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒት ግን «ተፈውሷል» ተብሎ በድንገት አይቋረጥ፤ ድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ከቀድሞው የባሰ መንቀጥቀጥ ያመጣልና። ሲያንቀጠቅጠው በጎኑ ያስተኙት፣ በአፉ ምንም አይጨምሩ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈም ወደ ሕክምና ያፋጥኑት። ልጅን በጓዳ መደበቅና በገመድ ማሰር ደግሞ በየትኛውም ሃይማኖት ምክንያት የማይገኝለት ነገር ነው።

የሐኪሙ ቀጠሮ እስኪደርስ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። ልጁ የሚመለከተውን ነገር እርስዎም ይመልከቱና በአንድ ቃል ይጥሩለት፤ ክዳን ሲያሽከረክር ከመንጠቅ ይልቅ አጠገቡ ተቀምጠው ሌላ ክዳን ያሽከርክሩ፣ እስኪያይዎም ይጠብቁ። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይስጡት። ቆጮ ሲጋገር፣ ቡና ሲፈላ፣ ከብት ሲጠጣ ከሥራው ትንሽ ድርሻ ይኑረው፤ ባደረገው ልክ ይመስገን። መምህር ከሆኑም በፊተኛው ረድፍ ያስቀምጡት፣ ማንበብ የሚያሳፍረውን ልጅ በጉባኤ ፊት አያስነብቡት፣ የሚያውቀውን በቃሉ እንዲመልስ ዕድል ይስጡት።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በዐዋጅ ተቀብላለች፤ በዚያም መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድን ልጅ በእድገት ወይም በመማር ችግሩ ምክንያት «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎ ሊመልሰው አይገባም። የሚመልሰው ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ይዘውም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ሲሄዱ ሦስት ነገር አይርሱ፤ የክትባት ካርዱን፣ ደብተሩንና ልጁን ራሱን።